የባየልኝ ድንጋይ

ኮኪት ውስጥ አምባውን ያልሰማ ሰው የለም፤ የሰማውን ያመነም የለም። ማሽላ የሰመረበት አንድ ዓመት፣ አገዳው ከመርዘሙ የተነሳ ወፎች ዘለላው ጋ ለመድረስ ስንቅ ቋጥረው፣ መንገድ ላይ አድረው ነበር የሚወጡት ያለ እሱ ነው። ሚያዝያ ላይ ሙቀቱ ሲጠና ጊንጥ በሩን አንኳኩታ "እባካችሁ ውሃ" እንዳለችው፣ በጣሳ ቀድቶ እንዳጠጣትና በጅራቷ መርቃው እንደሄደች የሚምልም እሱ ነው። አልቀበልም ያለ ካለ እጅጌውን ሰብስቦ የምርቃቱን ጠባሳ ያሳያል። ጠባሳው የማጭድ ነው።

ከኮኪት ወደ ሱዳን ወሰን ሲሄዱ በሜዳው ላይ ተደርድረው የሚታዩትን ራቁት የድንጋይ ተራሮች ሰው ሁሉ "ግመሎቹ" ይላቸዋል። ለምን እንደተባሉ የሚያውቀው ግን አምባው ብቻ ነበር። "ከማዶ ኮንትሮባንድ ጭነው የመጡ ግመሎች ናቸው" ይላል። "ፈታሹ አራግፉ አላቸው። አናራግፍም ብለው ተንበረከኩ። ፈታሹም አልለቅም ብሎ ፊታቸው ተቀመጠ። እልህ ነው የጨረሳቸው፤ ግመሎቹ ድንጋይ ሆኑ፣ ፈታሹ ጡረታ ወጣ።"

ይህ ሁሉ ልጁ ባየልኝ ከመሞቱ በፊት ነው። ከዚያ ወዲህ አምባው ሻይ ቤት ሲገባ ሰው እንደ ድሮው ወንበር ይስብለትና አንዱ ነካ ያደርገዋል።

"አምባው፣ ጊንጧ ደህና ናት?"

"ሞተች" ይላል። ሻዩን ጠጥቶ ይወጣል።

ባየልኝ ወሰኑ አጠገብ በሚገኝ የሰሊጥ እርሻ ላይ ትራክተር ነጂ ነበር። አጨዳው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ተኩስ ተነሳ። የቀን ሠራተኛው ማጭዱን እየጣለ እግሩ ወደመራው ተበተነ፤ ገሚሱ በጭነት መኪና ተንጠልጥሎ፣ ገሚሱ በእግሩ። ከዚያ ሁሉ ሰው እነአምባው ደጅ የደረሰው የባየልኝ ረዳት ትዕዛዙ ብቻ ነው። ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል፤ ብብቱ ውስጥ በፎጣ የተጠቀለለ ነገር ይዟል። ፎጣውን ሲፈታው ሁለት ቡጢ የምታክል፣ ወደ ሮዝ የምታደላ ድንጋይ ወጣች።

"በእጄ ነው አፈር ያለበስኩት፣ እማማ ስመኝ" አለ ለባየልኝ እናት። "ግመሎቹ ግርጌ ነው። የትኛዋ ግመል እንደሆነች ግን እንጃ፤ ነፍሴን ይዤ ስሮጥ ነበር። ይህችን ከራስጌው አነሳሁላችሁ።"

ስመኝ ድንጋይዋን ተቀብላ አቀፈቻት። ለቅሶው የተለቀሰው በድንጋይዋ ላይ ነው።

እዚህ አገር በረሃ የወደቀ ሰው እንደወደቀ አይቀርም። ጊዜ ሲያልፍ ዘመድ ይሄድና አፅሙን ለቅሞ፣ በነጭ ጨርቅ ጠቅልሎ፣ ከቤተ ክርስቲያን ግቢ ያስገባዋል። ይህ እስኪሆን ድረስ የሞተው አልተቀበረም፣ የቆመው አልተጽናናም። ስመኝ ጨርቁን ገዝታ፣ ቄሱን አናግራ ጨርሳለች። የቀረው ቦታው ብቻ ነው። ግመሎቹ ደግሞ ብዙ ናቸው። ወሰን ላይ ዶማ ይዞ ከተራራ ተራራ የሚዞር ሽማግሌ ከዚህም ከዚያም ወታደር አነጣጥሮ ያየዋል፤ ማሳውን ሊቆፍር ነው ወይስ ፈንጂ ሊቀብር ብሎ።

የትናየት የመጣችው በዚህ መሃል ነው። የዩኒቨርሲቲ መምህር ናት፤ በወገቧ መዶሻ ታጥቃ፣ በአንገቷ ትንሽ ማጉያ መነጽር አንጠልጥላ። ሾፌሯ ኡመይር የመተማ ልጅ ነው፤ አማርኛውን በሱዳን ዓረብኛ ካላጣፈጠ ውሎ አያድርም። ግመሎቹን የሚያውቅ መሪ ስጡን ሲሉ ቀበሌው አምባውን ሰጣቸው።

"ምኑን ነው የምታጠኚው የኔ ልጅ?" አላት አምባው፣ መጀመሪያዋ ግመል ሥር ሲደርሱ።

"ሰርጎ ገብ አለት ነው፣ ጋሽ አምባው።"

አምባው ግራ ቀኙን ቃኘ። "ቀስ በይ እንጂ! ወሰን ላይ ቆመሽ ሰርጎ ገብ እያልሽ አትጩሂ። ሚሊሻ ይሰማሻል።"

ኡመይር የመኪናውን ኮፈን እየመታ ሳቀ። "ወላሂ ሦስታችንንም ነው የሚያስሩን!"

የትናየት እሷም እየሳቀች አስረዳችው። እነዚህ ተራሮች ድሮ ቀልጠው እንደ ገንፎ ይንተከተኩ ነበር። ከመሬት ሆድ ተነስተው፣ ከላይ ያለውን አለት ሰርስረው ገብተው፣ ፀሐይ ሳያዩ እዚያው ቀሩ። ቀስ ብለው ስለበረዱ ነው ቅንጣቶቻቸው በዓይን የሚታዩት። ከላያቸው የተጫነው አለት ሁሉ በዝናብና በነፋስ ተልጦ ሲያልቅ ነው ጀርባቸው ብቅ ያለው።

"ከላያቸው ስንት ያህል ነበር የተጫነው?"

"የዳሽንን ቁመት የሚያህል። ከዚያም ሊበልጥ ይችላል።"

"መቼ ነው ነገሩ?"

"ይህችን ገና አልለካኋትም። እንደሷ ያሉት ሰባት መቶ ሚሊዮን፣ ስምንት መቶ ሚሊዮን ዓመት ይሆናቸዋል።"

አምባው ባርኔጣውን አውልቆ ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ። ልጁ ከሞተ ወዲህ ደረቱ ውስጥ ተኝቶ የከረመ አንድ ነገር ዓይኑን ገለጠ።

"ይህን የት ነው የተማርሽው?"

"ዩኒቨርሲቲ።"

"እኔን ስድስተኛ ክፍል ላይ ያስቋረጡኝን ሰዎች እግዜር ይይላቸው!" አለ። "እዚህ ቁጭ ብዬ በወፍ ስንቅና በጊንጥ እንቶ ፈንቶ ዕድሜዬን ፈጀሁ። ለካ ተምሬ ቢሆን እንዲህ ያለውን እየዋሸሁ ደመወዝ እበላ ነበር!"

ኡመይር በሳቅ መሬት ላይ ተንከባለለ። የትናየት ግን አልተቀየመችም። ድንጋዩ ውስጥ ከሰሊጥ ፍሬ በብዙ የምታንስ ዚርኮን የምትባል ቅንጣት አለች አለችው። ስትፈጠር ዩራኒየም ታስገባለች፤ እርሳስ የተባለውን ብረት ግን በሯ ላይ ትመልሰዋለች። ዩራኒየሙ በውስጧ ሳይቸኩልም ሳይዘገይም ወደ እርሳስ ይለወጣል። እርሳሱ ምን ያህል እንደደረሰ የለካ ሰው ድንጋዩ የበረደበትን ዘመን ያውቃል።

አምባው አሰበበት። "የተቆለፈ መጋዘን ነው በይኛ። አይጥ ከውጭ አይገባም። ከውስጥ የተገኘው አይጥ ሁሉ እዚያው የተወለደ ነው።"

"በትክክል! እሱን መቁጠር ነው።"

"እሺ፣ ሁሉም ተራራ አንድ ነው?"

"አይደለም። አንዱ ፌልድስፓር የሚባል ሮዝ ማዕድን ይበዛበታል፣ አንዱ ጥቁር ሚካ አለው፣ አንዱ ኳርትዙ ያይላል። ዕድሜያቸውም ይለያያል። እናታቸው አንድ ብትሆን እንኳ መልካቸው አንድ አይደለም።"

አምባው ባርኔጣውን መልሶ ደፋ። ድምፁ ተለወጠ። "ድንጋይ ባሳይሽ፣ የየትኛዋ ግመል እንደሆነ ታውቂያለሽ?"

"ምናልባት።"

ከዚያ የባየልኝን ነገር ነገራት። አንድም ሳይጨምር ነው የነገራት፤ ለእሱ ይህ ከባድ ሥራ ነበር። ኡመይር ሳቁን አቁሞ "አላህ ይርሐሙ፣ ያ ዓም አምባው" አለው፤ ነፍሱን ይማር፣ አጎቴ ማለቱ ነው።

ስመኝ ድንጋይዋን የባየልኝ ሳንዱቅ ላይ ነው ያስተኛቻት። ራስጌዋን ወደ ምዕራብ፣ እግርጌዋን ወደ ምሥራቅ፤ ሬሳ እንደሚተኛው። የትኛው ጫፍ ራስጌ እንደሆነ ማንም አልነገራትም፤ ራሷ ነች የወሰነችው። የትናየት ጫማዋን በር ላይ አውልቃ ገባች። ድንጋይዋን ሳታነሳ፣ ተንበርክካ በማጉያው አየቻት።

"ግራናይት ነው" አለች። "ትልልቅ ሮዝ ፌልድስፓር አለው። ከመጨረሻዋ ግመል ጋር በጣም ይመሳሰላል፤ ወሰኑ ላይ ካለችው። እርግጠኛ ለመሆን ግን ትንሽ ቆርጬ ላቦራቶሪ መውሰድ አለብኝ።"

ስመኝ ተነስታ ሳንዱቁና ሴትዮዋ መሃል ቆመች። "አንተ ሰው፣ የልጄን ራስጌ ልታስቆርጥ ነው ያመጣሃት?"

"ስመኝ፣ ቦታውን እናገኛለን እኮ።"

"እስካሁንም ያየው መከራ ይበቃዋል።"

የትናየት ከኪሷ ቀለም አወጣች። "እማማ" አለች፣ "እኛም ናሙና ስንወስድ ወደ ላይ የቱ እንደሆነ ምልክት እናደርጋለን። ዝም ብለን አንቆርጥም። ራስጌው በየት በኩል ነው?"

ስመኝ በጣቷ አሳየቻት። የትናየት ድንጋይዋ ላይ ወደ ራስጌው የሚያመለክት ትንሽ ቀስት ሳለች።

"በእግሩ በኩል ይሁን" አለች ስመኝ። "ቶሎ በይ ደግሞ።"

መዶሻው ሲያርፍ ጆሮዋን በሁለት እጇ ደፈነች።

ወደ መጨረሻዋ ግመል ለመሄድ ፈቃድ ተጠየቀ። የወታደሮቹ አዛዥ "እስከ እኩለ ቀን፤ ከዚያ በላይ እኔም አላውቃችሁም" አለ። ግራናይቱ በፀሐይ ብዛት እንደ ሽንኩርት ልጣጭ እየተላጠ ወድቋል፤ እጅ አያስነካም። የትናየት የድንጋይዋን ስባሪ ከተራራው አጠገብ አድርጋ አየች። አምባውም አየ። ሮዙም ያው፣ ነጩም ያው።

"መንታ ናቸው!" አለ።

"በዓይን ሲታይ እንደዚያ ይመስላል። ግን ሁለት ሮዝ ግራናይት ሊመሳሰል ይችላል፣ ጋሽ አምባው። ውጤቱን እንጠብቅ።"

እሱ ግን አልሰማትም፤ ዶማውን ይዞ ግርጌውን መዞር ጀምሯል። ጉብታ ሁሉ መቃብር መሰለው። አንዱን ሲቆፍር ምስጥ ወጣ። ሌላውን ሲቆፍር የዛፍ ሥር ወጣ። ኡመይር ሳይጠራ መጥቶ ከጎኑ ቆፈረ። ላቡን እየጠረገ "ያ ዓም፣ ስንት ክረምት አልፎበታል፤ ጎርፍ ደለል አልብሶት ይሆናል" አለው። አንድ የዛገ የሰርዲን ቆርቆሮና የሴት ነጠላ ጫማ አገኙ። አዛዡ ፊሽካ ነፋ።

ያን ቀን አምባው የሠራው ስህተት የዶማው ሳይሆን የአፉ ነው። ኮኪት እንደገባ፣ ደጁ ሳይደርስ፣ "ተራራዋ ተገኘች!" ብሎ ለሰው ተናገረ። ስመኝ እልል ልትል ምንም አልቀራትም፤ ከዚያ እልልታ ምን ይሠራል ብላ ተመልሳ አለቀሰች። ነጩን ጨርቅ አውጥታ እንደገና አጠበችው። ጎረቤት ሁሉ እየመጣ እንኳን ለዚህ አበቃችሁ አላት። ክረምቱን ሙሉ ቤቱ ተዝካር እንደሚደገስበት ቤት ሽር ጉድ ሲል ከረመ። አምባውም ሻይ ቤት ሄዶ፣ ጊንጧ ስለተወችው ልጅ አንድ ሁለት ነገር እስከ መናገር ደርሶ ነበር።

ሰሊጡ ፍሬ የሚቋጥርበትን ቆብ ሲያወጣ የትናየት መጣች። በስልክ መናገር ትችል ነበር። ወደ ቤት አልገባችም፤ አምባውን ጠርታ መኪናው ጥላ ሥር አስቀመጠችው። ኡመይር ሰላምታውን በግማሽ አድርጎ ጎማ የሚያይ መስሎ ወደ ኋላ ሄደ።

"ውጤቱ መጣ" አለች። "የመጨረሻዋ ግመል ነጭና ጥቁር ሚካ አላት። የእርስዎ ድንጋይ ነጩ ሚካ የለውም፤ በምትኩ ሆርንብሌንድ የሚባል ጥቁር አረንጓዴ ማዕድን አለው። እንደ ወረቀት እስኪሳሳ ፍቀን በብርሃን አይተነዋል። ዕድሜውም በመቶ ሚሊዮን ዓመት ያንሳል።"

"ታዲያ ሌላዋ ግመል ናታ!"

"ሁሉንም ለክቻቸዋለሁ። አንዷም አትገጥመውም።"

"እንግዲያው ከየት ነው የመጣው?"

የትናየት አንገቷ ላይ ያለውን ማጉያ በጣቶቿ ታዞር ጀመር። "አንድ ቦታ ይገጥማል። ሸሕዲ መውጫ ላይ ለመንገዱ ሥራ ድንጋይ የሚፈለጥበት ካባ አለ አይደል? ከእሱ ጋር በማዕድኑም በዕድሜውም አንድ ነው።"

"ትሳሳቻለሽ?"

"ልሳሳት እችላለሁ።" ቆየት አለች። "አሁን ግን የተሳሳትኩ አይመስለኝም። በጣም አዝናለሁ፣ ጋሽ አምባው።"

አምባው ውሸት እንዴት እንደሚሠራ ከማንም በላይ ያውቃል። ስለዚህ ማንም ሳያስረዳው ነገሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ አየው። ሸሕዲ ከወሰኑ ሲመጡ ከኮኪት አልፎ ነው። ትዕዛዙ መጀመሪያ በጭነት መኪና ተንጠልጥሎ ሸሕዲ ገብቷል። መኪኖቹ የሚያራግፉት ካባው አጠገብ ነው። እዚያ ወርዶ፣ የባየልኝ አባትና እናት ኮኪት እንዳሉ አስቦ፣ በእግሩ ወደ ኋላ ተመለሰ። ባዶ እጁን መምጣት ግን አቃተው። አንድ የሚጨበጥ ነገር ያለው ወሬ ይታመናል። አምባው ራሱስ ጠባሳውን ለምን ነበር የሚያሳየው?

በነጋታው ሸሕዲ ሄደ። ትዕዛዙ አሁን ጎሚስታ ነው፤ መንገድ ዳር ጎማ ይለጥፋል። አምባውን ሲያይ እጁን በሱሪው ጠርጎ የለስላሳ ሳጥን ገልብጦ አስቀመጠው።

"በደህና ነው ጋሼ? እማማ ስመኝስ?"

"ደህና ናት። ባየልኝን እንዴት እንደቀበርከው ደግመህ ንገረኝ።"

ትዕዛዙ ጀመረ። ድሮ በእጁ ነበር የቆፈረው፤ አሁን አካፋ አግኝቷል። ድሮ ብቻውን ነበር፤ አሁን ከጎጃም ለአጨዳ የመጡ ቄስ አብረውት አሉ፤ መስቀላቸውን አውጥተው ፍትሐት አድርሰዋል። ጋቢ አልብሰውታል። ዓይኑን ጨፍነውለታል። አምባው አንገቱን ደፍቶ አዳመጠ። እንዲህ ደካማ ውሸት በሕይወቱ ሰምቶ አያውቅም። ጥይት እየዘነበ ፍትሐት የሚያደርስ ቄስ የት ይገኛል? በዚያ ሙቀት ጋቢ የያዘ አጫጅስ ማን አየ? ግን አንድ ነገር ደግሞ አስተዋለ። ትዕዛዙ የጨመረው ሁሉ ለባየልኝ ነው። ለራሱ ምንም አልጨመረም፤ ጀግንነትም፣ ቁስልም።

"ትራክተሩ ላይ ነበር?" አለ አምባው።

"አዎ፣ ጋሼ።"

"ትራክተሩስ?"

"ነደደ።"

"እሱ ሲወድቅ አየኸው?"

ትዕዛዙ የጎማ ማውለቂያ ብረቱን በእጁ ያገላብጠው ጀመር። የአየር መሙያው ሞተር ይጮኻል። አንድ ባጃጅ መጥቶ "ጎማዬን!" አለ፤ የመለሰለት የለም።

"ጋሼ…"

"በቃ። አትንገረኝ።" አምባው ተነሳ። ሁለት እርምጃ ሄዶ ተመለሰ። "ሰው ከጠየቀህ ቄሱን ተዋቸው። አይታመንም። ጋቢውም ይቅር። በእጄ ነው የቀበርኩት በል፤ እንደ መጀመሪያው። እሱ ነበር የሚያምረው።"

ትዕዛዙ ፊቱን በጎማው ጀርባ ደበቀ። አምባው መዳፉን ትከሻው ላይ አንዴ አሳርፎ ሄደ።

ወደ ኮኪት ሲመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ሲያወጣ ሲያወርድ ነበር። እውነቱን ለስመኝ ቢነግራት ልጇ መቃብር የለውም ማለት ነው። መቃብር ከሌለው ማንም ሲወድቅ አላየውም ማለት ነው። ማንም ካላየው ደግሞ… እዚህ ላይ ሲደርስ አምባው ራሱ ልቡ ዘለለች። ማዶ ተማርኮ ቢሆንስ? አንድ ሰው አንስቶት ቢሆንስ? ወዲያው የነደደው ትራክተር ታየው፤ ደግሞም ባየልኝ በሕይወት ቢኖር ስንት ሰሊጥ ተዘርቶ እስኪታጨድ አንዲት ቃል ሳይልክ የሚቀር ልጅ አልነበረም። ይህችን የልብ ዝላይ ለስመኝ ሊሰጣት ነው? ከመተማ የሚመጣ መኪና በቆመ ቁጥር ደጅ ወጥታ እንድታይ፣ ስልክ ባቃጨለ ቁጥር እንድትወድቅ? እሱን አንዴ ዘልላበት እንዲህ ካደረገችው፣ እሷን ዕድሜ ልኳን ምን ታደርጋታለች?

ቤት ሲገባ ስመኝ በሩ ላይ ቆማለች። "መምህሯ ለየችው?" አለችው።

"ለየችው" አለ አምባው። "የመጨረሻዋ ግመል ናት። ራሷ ናት። ግን ወታደሮቹ መቆፈር ከልክለዋል፤ ፈንጂ አለበት ይላሉ። ይህችን ድንጋይ ራሷን እናስገባለት።"

ቄሱ ነገሩን ሲሰሙ አቅማሙ። በኋላ ግን "ፍትሐቱ ለነፍሱ ነው። ድንጋዩን እናንተ እንዳሻችሁ አድርጉት" አሉ።

ጨርቁ ለሙሉ ሰው አፅም የተገዛ ነው። ስመኝ አታስቆርጥም አለች። ድንጋይዋን ይጠቀልሏታል፣ ጨርቁ አያልቅም፤ ደግመው ይጠቀልሏታል፣ አያልቅም። በመጨረሻ ጥቅሉ የተወለደ ዕለት ሕፃን አክሎ ስመኝ ክንድ ላይ ቀረ። እሷም እንደዚያው አቅፋ ነው እስከ ቤተ ክርስቲያን የወሰደችው። የሸፈነችውን ገለጥ እያደረገች ቀስቱን ታያለች፤ ራስጌው እንዳይዘቀዘቅ።

ጉድጓዱ ከተደፈነ በኋላ ሕዝቡ አምባውን ከበበው። "ቦታውን አየኸው?" አሉት። አየሁት አለ። ትልቅ ተራራ ናት፣ ሮዝ ናት፣ ልጁ ከግርጌዋ ነው፣ በእጅ ነው የተቆፈረው፣ ፊቱ ወደ ምሥራቅ ነው አለ። ሻይ ቤት የሚያላግጡበት ሰዎች ሁሉ ነበሩ። ማንም ዓይኑን አልጠቀሰም፤ ማንም የጎኑን ሰው በክርኑ አልነካም። ራሳቸውን እየነቀነቁ፣ ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው እየወሰዱ፣ አንድ ሰው ሳይቀር አመኑት። አምባው ንግግሩን አቋርጦ ዙሪያውን ተመለከተ። የሚስቅ ፊት ፈለገ። አላገኘም። ለቀብሩ የመጣው ኡመይር ክንዱን ይዞ ከሰዉ መሃል አወጣው።

ለቀስተኛው ሲበተን አምባውና ስመኝ ደጃቸው ላይ ተቀመጡ። ፀሐይ ወደ ሱዳን እየወረደች ነው፤ ግመሎቹ ከሩቅ ጠቁረው ይታያሉ። ስመኝ ባዶ ክንዷን እንዳጠፈች ቆየች።

"አንተ ሰው" አለች።

"ምን?"

"ዛፍ የለም እንዴ?"

"የት?"

"እዚያ ነዋ። ለሰዉ ስትናገር ዛፍ አላልክም።"

"ራቁት ድንጋይ ነው፣ ስመኝ። እንደ እሳት ነው የሚፋጀው። ትዕዛዙም ቢሆን ዛፍ…"

"ትዕዛዙን ተወው።" ወደ እሱ አልዞረችም። "እኔ የስንት ዘመን ሚስትህ ነኝ። ስትናገር እኮ ሳየው ነበር አፍህን። ምንም አልጠይቅህም። ዛፍ ብቻ አድርግለት። ፀሐዩ አናቱን ይመታዋል።"

አምባው አየት አደረጋት። ዓይኗ ግመሎቹ ላይ ነው። ከመቼ ጀምሮ እንዳወቀች፣ ምን ያህሉን እንዳወቀች አልጠየቃትም።

"አለ እንጂ" አለ። "ባምባ ነው።"

"ትልቅ ነው?"

"ግንዱን አሥር ሰው እጅ ለእጅ ተያይዞ አያቅፈውም።"

"ጥላው ራስጌው ጋ ይደርሳል?"

"ይደርሳል።"

"ከሰዓት በኋላስ? ፀሐይ ስትዞር?"

አምባው እንባው በጺሙ ላይ ሲወርድ አልጠረገውም።

"የዚህኛው ዛፍ ጥላ አይዞርም" አላት። "ሌላው ዛፍ ጥላውን ከፀሐይ ጋር ያዞራል። ይኼኛው ግን እሱ ላይ አረፈ፤ በዚያው ቀረ።"

ስመኝ ጭንቅላቷን ትከሻው ላይ አሳረፈች። "ቀጥል" አለችው።